የታዳጊዎች ፍትሕ ሳይኮሎጂስት መሆን፦ ከወሎ ለሚነሳ ሰው የአካሄድ መመሪያ

በወንጀል ሕጋችን አንቀጽ 54 ላይ ብዙ የሳይኮሎጂ ተማሪ የማያውቀው ነገር ተጽፏል። ወጣት ጥፋተኛ ፍርድ ቤት ሲቀርብ፣ ዳኛው ከመወሰኑ በፊት ስለ ልጁ ጠባይ፣ ትምህርትና ኑሮ መረጃ እንዲቀርብለት ማዘዝ ይችላል። ወላጆቹን ይጠይቃል። ትምህርት ቤቱን ይጠይቃል። ስለ አካሉና ስለ አእምሮው ሁኔታ የባለሙያ ማስረጃ ማስቀረብም ይችላል። ካስፈለገ ልጁ ተስማሚ ቦታ ተቀምጦ ለጊዜው ሁኔታው እንዲታይ ያዛል።

ዳኛው «ይህ ልጅ ማነው?» ብሎ እንዲጠይቅ ሕጉ ፈቅዶለታል ማለት ነው። የሚጎድለው መልሱን በሙያ አዘጋጅቶ የሚያቀርብለት ሰው ነው። ደሴ ላይ ይጎድላል፤ ኮምቦልቻ፣ ወልድያ፣ ቆቦ፣ ከሚሴና ባቲ ላይም ይጎድላል።

በሳይኮሎጂ ማስተርስ ሠርታችሁ በዚህ ሥራ መሰማራት ካሰባችሁ ምክሬ አንድ ነው። ትምህርቱን ከመጨረሻው ጀምሩት። መጀመሪያ ለዳኛው የሚቀርበውን ያን ሪፖርት ለመጻፍ ምን ማወቅ እንዳለባችሁ ጠይቁ። ከዚያ ዘርፉን፣ ዩኒቨርሲቲውን፣ የተግባር ልምምዱንና የመመረቂያ ጥናቱን በዚያ ልክ ምረጡ። ዲግሪውን ይዞ በኋላ ሥራውን መፈለግ ብዙ ሰው ቢሮ ውስጥ ፎርም ሲሞላ እንዲያረጅ አድርጎታል።

አንደኛ፦ ከማመልከቻው በፊት ሕጉን አንብቡ

ብዙ አይደለም። ሁለት ከሰዓት በኋላ ይበቃዋል። በ1996 ዓ.ም. የወጣውን የወንጀል ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 414፣ ከአንቀጽ 52 እስከ 56 አንብቡ። ከዚያ ከ157 እስከ 168 ቀጥሉ። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ከአንቀጽ 171 እስከ 180 ድረስ የወጣት ጥፋተኞች ጉዳይ እንዴት እንደሚታይ ይናገራል። የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 36 እና የሕፃናት መብቶች ስምምነትን አንቀጽ 40 ጨምሩበት። ሕግ ስለሚሻሻል የያዛችሁት ቅጂ በሥራ ላይ ያለው መሆኑን ሕግ ያጠና ጓደኛ አስጠይቁ።

ስታነቡ ዕድሜ ላይ አተኩሩ። ከ9 ዓመት በታች ያለ ልጅ በወንጀል አይጠየቅም። ከ9 እስከ 15 ያለው ይጠየቃል፤ ግን የአዋቂ ቅጣት አይጣልበትም፣ ከአዋቂ እስረኛ ጋርም መቀመጥ የለበትም። ለእሱ የተዘጋጀው ሌላ ነው፦ ሕክምና፣ በክትትል ሥር መማር፣ ተግሣጽ፣ በትምህርት ቤት ወይም በቤት ተወስኖ መቆየት፣ ጠባይ ማረሚያ ተቋም መግባት። በ1949 ዓ.ም. የወጣው የድሮው ሕግ ግርፋትም ነበረው። አዲሱ አስቀርቶታል።

ከ15 እስከ 18 ያሉት ላይ ግን ቆም በሉ። እነዚህ የሚዳኙት በመደበኛው ሕግ ነው። ሞት አይፈረድባቸውም። ዳኛው ዕድሜያቸውንና ዕድገታቸውን አይቶ ቅጣቱን ሊያቀልላቸው ይችላል። ነገሩ ከፈቀደም ለትንንሾቹ የተዘጋጀውን እርምጃ ሊወስንላቸው ይችላል። ግዴታ ግን የለበትም። የሚያሳምነው ነገር መቅረብ አለበት። በ16 ዓመት ልጅ ጉዳይ ላይ ባለሙያው የሚጽፋቸው ሦስት ገጾች ብዙ ነገር ሊለውጡ የሚችሉት እዚህ ላይ ነው። በእኔ እምነት የሙያው ትልቁ ቦታም ይኸው ነው።

ሌላም አለ። 14 ነው ወይስ 16? በገጠር ወሎ ይህን በወረቀት መመለስ ከባድ ነው። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ አዋጅ የወጣው በ2004 ዓ.ም. ሲሆን ምዝገባው በመላ አገሪቱ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ነው። ከዚያ በፊት የተወለደ ልጅ እናቱ «ዝናቡ የቀረ ዓመት፣ ለረመዳን ሁለት ቀን ሲቀረው» ነው የምትለው። ሐኪም ዕድሜ ሲገምት የሚሰጠው ከዚህ እስከዚህ የሚል ግምት ነው። ሳይኮሎጂስት ፊት አይቶ ዕድሜ አይናገርም። ግን ታሪኩን መሰብሰብ ይችላል፦ የክትባት ካርድ፣ የአንደኛ ክፍል የመዝገብ ዝርዝር፣ ክርስትና የተነሳበት ወይም ስም የወጣበት ጊዜ፣ ታላቁና ታናሹ መቼ እንደተወለዱ። ይህን በጥንቃቄ ሰብስቦ ማቅረብ ልጁን ከአንዱ የሕግ ክፍል ወደ ሌላው ሊያሻግረው ይችላል።

ሁለተኛ፦ ሥራውን ቀርባችሁ እዩት

የታዳጊዎች ጉዳይ የሚታየው በዝግ ችሎት ነው። ገብታችሁ ቁጭ ብላችሁ ማየት አትችሉም፤ ልክም ነው። ስለዚህ በዙሪያው ካለው ጀምሩ። የዩኒቨርሲቲ ሕግ ትምህርት ቤቶች ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣሉ። የሴቶች፣ ሕፃናትና ማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት በየወረዳው አለ። ፖሊስ ጣቢያዎች የሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ የሚይዙ መርማሪዎች አሏቸው። ጎዳና ላይ ካሉ ልጆች ጋር የሚሠሩ ድርጅቶች አሉ። ለጥቂት ወራት በበጎ ፈቃድ አግዙ። የትብብር ደብዳቤ ከተማራችሁበት ወይም ከምትሠሩበት ቦታ ያዙ፤ ያለ ደብዳቤ በር አይከፈትም።

በነዚያ ወራት ሁለት ነገር ተመልከቱ። አንዱ ልጆቹ ከየት እንደሚመጡ ነው። ኮምቦልቻና ደሴ መናኸሪያ አካባቢ ሊስትሮ የሚሠራው፣ ሸክም የሚሸከመው፣ ታክሲ ላይ ረዳት የሆነው ልጅ አብዛኛው ከገጠር ብቻውን የመጣ ነው። ሌላው በባቲ በኩል ወደ አፋር በረሃ፣ ከዚያ ወደ ሳዑዲ ለመሻገር ቤቱን ለቆ መንገድ ላይ የቀረ ነው። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ የሰባትና የስምንት ዓመት ልጅ የነበረው ዛሬ ሕጉ የሚጠይቀው ዕድሜ ላይ ነው። ያየውን አይቷል። ይህን ሳያውቁ ስለ «የጠባይ መበላሸት» መጻፍ አይቻልም።

ሁለተኛው ነገር ራሳችሁ ናችሁ። ዳቦ ሰረቀ ለተባለ ልጅ ማዘን ቀላል ነው። የዚህ ሥራ ፈተና ጓደኛውን በጩቤ የወጋ፣ ጎረቤቱን ትንሽ ልጅ የደፈረ የ15 ዓመት ልጅ ፊት ለፊት መቀመጥ ነው። ተጎጂዋም ልጅ ናት፤ እናቷ ውጭ ቆማ እያለቀሰች ነው። ለሁለቱም እውነተኛ መሆን ትችላላችሁ ወይ? ይህን አሁን ብታውቁት ይሻላል። ለአንዳንዱ ሰው ተጎጂ ልጆችን መርዳት የበለጠ ይስማማዋል። ያም እኩል የተከበረ፣ እኩል የሚፈለግ ሥራ ነው። ሕፃናት በተለየ ክፍል ሆነው በቪዲዮ መስመር ሲመሰክሩ የችሎቱን ጥያቄ በሚገባቸው ቋንቋ የሚያደርስላቸው ባለሙያ ያስፈልጋል።

ሦስተኛ፦ ዘርፉን ምረጡ

«ፎረንሲክ ሳይኮሎጂ» የሚል ስም ያለው ፕሮግራም ፈልጋችሁ ቅርብ ካላገኛችሁ አትደንግጡ። ስሙ ሳይሆን ይዘቱ ነው ለሥራው የሚያበቃው። አገር ውስጥ የምታገኟቸው ዘርፎች ክሊኒካል፣ ካውንስሊንግ፣ የልጆችና ወጣቶች ዕድገት እና ማኅበራዊ ሳይኮሎጂ ናቸው። ሶሻል ወርክ ደግሞ አለ።

የእኔ ምርጫ ግልጽ ነው። ከልጅ ጋር ተቀምጣችሁ መመርመርና ሪፖርት መጻፍ ከፈለጋችሁ ክሊኒካል ወይም ካውንስሊንግ። ፖሊሲና ጥናት የሚስባችሁ ከሆነ የዕድገት ሳይኮሎጂ። ቤተሰብ፣ ቀበሌና ፍርድ ቤት መካከል መመላለስ የሚመቻችሁ ከሆነ ደግሞ ሶሻል ወርክን በቁም ነገር አስቡበት። ብዙ ሳይኮሎጂስት ሶሻል ወርክን ዝቅ አድርጎ ያያል። በታዳጊዎች ፍትሕ ግን ቤት ለቤት ሄዶ የልጁን ኑሮ የሚያውቀው እሱ ነው።

አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሳይኮሎጂም የሶሻል ወርክም ትምህርት ቤት አለው። ባሕር ዳርና ጎንደርም የሳይኮሎጂ ትምህርት ክፍል አላቸው። በራሳችን ሰፈር ደሴ ላይ ወሎ ዩኒቨርሲቲ፣ ወልድያ ላይ ወልድያ ዩኒቨርሲቲ፣ በደቡብ ወሎ መቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ አሉ። በየዓመቱ የሚከፈተው የድኅረ ምረቃ ዘርፍ ስለሚለያይ የዓመቱን ማስታወቂያ እዩ።

ከማመልከታችሁ በፊት ወደ ትምህርት ክፍሉ ሂዱ ወይም ደውሉ። ሦስት ነገር ጠይቁ። የተግባር ልምምዱ ስንት ሰዓት ነው፣ የት ነው? ልጆችን የሚመለከት ጥናት የሚያማክር መምህር አለ? ከሕግ ትምህርት ቤቱ ኮርስ መውሰድ ይፈቀዳል? ለመጀመሪያው ጥያቄ «ልምምድ የለንም» ከተባላችሁ ሌላ ቦታ ፈልጉ። ሰው ሳይመረምር ማስተርስ የያዘ ሰው ችሎት ፊት ቆሞ ምንም ሊል አይችልም።

ውጭ አገር መማር የምትፈልጉ ደግሞ ሁለት ነገር ልብ በሉ። አንደኛ፣ እንግሊዝ አገር ማስተርስ ብዙውን ጊዜ አንድ ዓመት ነው። የእንግሊዝ መንግሥት የሚሰጠው የቼቭኒንግ ስኮላርሺፕ ሁለት ዓመት ያህል፣ ማለትም 2,800 ሰዓት የሥራ ልምድ ይጠይቃል፤ ስትጨርሱም ወደ አገራችሁ ተመልሳችሁ ቢያንስ ሁለት ዓመት መቆየት ግዴታ ነው። ለዚህ ሥራ ያ ግዴታ ጥሩ ነው። ሁለተኛ፣ በአሜሪካ «ሳይኮሎጂስት» ተብሎ ራሱን ችሎ ለመሥራት በአብዛኛው ዶክትሬት ይፈለጋል። እዚያ መኖር ካሰባችሁ ማስተርሱ መነሻ እንጂ መድረሻ አይደለም። ምክሬ ግን መጀመሪያ እዚህ ሁለት ዓመት ሥሩ ነው። የዚህን አገር ልጅ ኑሮ ሳታውቁ የውጭ አገር መጽሐፍ ብታነቡ የቺካጎን ልጅ ነው የምታውቁት።

አራተኛ፦ ወረቀቱና ገንዘቡ

ይህ ክፍል አሰልቺ ነው፤ ግን ብዙ ሰው የሚቀረው እዚህ ነው። የአገር አቀፍ የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና አለ፤ ተማሪው «ጋት» ይለዋል። በትምህርት ሚኒስቴር በኩል ይሰጣል። በሙያችሁ ላይ ሳይሆን በንባብ፣ በሒሳብና በማመዛዘን ላይ ያተኩራል፤ በእንግሊዝኛ ነው። ሒሳብ ከተዋችሁ የቆያችሁ ከሁለት ወር በፊት ጀምሩ። ምዝገባው በኦንላይን ስለሆነ መጨረሻ ቀን ላይ ኔትወርክ አትመኑ።

ዲግሪና ኦፊሻል ትራንስክሪፕት አስቀድማችሁ ያዙ። የኮስት ሼሪንግ ዕዳ ያለበት ሰው ኦሪጅናሉን ለማውጣት ጊዜ ይፈጅበታል፤ ቴምፖራሪውን ይዞ ያለ ሰው ይህን ከወራት በፊት ይጨርስ። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የተመረቃችሁ የመውጫ ፈተና ውጤትም ትጠየቃላችሁ። ምክር ደብዳቤ የሚጽፍላችሁ መምህር ስማችሁን ብቻ ሳይሆን ሥራችሁን የሚያውቅ ይሁን። በበጎ ፈቃድ ያገለገላችሁበት ቢሮ ኃላፊ ሁለተኛው ቢሆን በጣም ያግዛል።

የፍላጎት ማብራሪያ ስትጽፉ «ከልጅነቴ ጀምሮ ሰው መርዳት እወዳለሁ» አትበሉ። ሁሉም ይለዋል። ይልቅ እንዲህ ጀምሩ፦ «በምሠራበት ወረዳ ከ15 እስከ 18 ዓመት ያሉ ተከሳሾች ስለ ኑሯቸው የባለሙያ ሪፖርት ሳይቀርብላቸው ይወሰንባቸዋል። ይህን ሪፖርት ማዘጋጀት መማር እፈልጋለሁ።» ያነበበው መምህር ወዲያው የጥናት ርዕስ ይታየዋል። በርግጥ የምትጽፉት ያያችሁትን ብቻ መሆን አለበት።

ገንዘብን በተመለከተ፣ የመንግሥት ሠራተኛ ከሆናችሁ ስፖንሰር ጠይቁ። ፍትሕ ጽሕፈት ቤት፣ ፍርድ ቤት፣ ፖሊስ፣ ማረሚያ ቤት፣ ትምህርት ቤት የምትሠሩ ሰዎች ከሌላው የተሻለ ዕድል አላችሁ። ውሉን ግን በደንብ አንብቡ። ስንት ዓመት መልሳችሁ እንደምታገለግሉና የት እንደምትመደቡ ተጽፎ ይሰጣችሁ። ከማስተርስ በኋላ ሳይኮሎጂስቱን መዝገብ ቤት የሚያስቀምጥ ቢሮ አለ፤ በውሉ ላይ የሥራ መደቡ ካልተጻፈ መከራከሪያ አይኖራችሁም። በራሳችሁ የምትከፍሉ ደግሞ የቅዳሜና እሑድ ወይም የክረምት መርሐ ግብር እዩ። ደሴ ተቀምጦ በየሳምንቱ አዲስ አበባ መመላለስ ግን አይሞከርም። 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ገንዘብም ጉልበትም ይጨርሳል።

አምስተኛ፦ ስትማሩ የምትይዙት

ሁሉንም ኮርስ እኩል አትማሩት። ለዚህ ሥራ የሚሆኑት ጥቂት ሐሳቦች ናቸው፤ እነሱን ጠልቃችሁ ያዙ።

የመጀመሪያው የሳይኮሎጂ ተመራማሪዋ የቴሪ ሞፊት ነው። እ.ኤ.አ. በ1993 ባሳተመችው ጽሑፍ ጥፋተኛ ወጣቶችን በሁለት ለየቻቸው። ብዙዎቹ ጉርምስና ላይ ጀምረው ሲያድጉ ይተዉታል። ጥቂቶቹ ግን ከሕፃንነታቸው ጀምሮ ችግር አለባቸው፤ ካደጉም ይቀጥላሉ። ዳኛ ፊት ይህ ልዩነት ወርቅ ነው። «ይህ ልጅ ከ14 ዓመቱ በፊት ምንም ታሪክ የለውም» ማለት ትልቅ ነገር መናገር ነው።

ሁለተኛው ሎረንስ ስታይንበርግ ከማርጎ ጋርድነር ጋር እ.ኤ.አ. በ2005 ያሳተመው ሙከራ ነው። ወጣቶችን በኮምፒዩተር መኪና አስነዱ። ብቻቸውን ሲሆኑና ጓደኞቻቸው ሲያዩዋቸው የሚወስዱት አደጋ በጣም ይለያያል። አዋቂዎቹ ላይ ግን ለውጡ አልታየም ማለት ይቻላል። በእኛም አገር የታዳጊ ጥፋት ብዙ ጊዜ በቡድን ነው። «ለምን አደረግከው?» ሲባል «አብረን ነበርን» ይላል። ሰበብ ይመስላል፤ ግን ጥናቱ እውነትም እንዳለበት ያሳያል።

ሦስተኛው ጥፋተኞችን ስለ መርዳት ያጠኑት የካናዳ ሳይኮሎጂስቶች የአንድሩስና የቦንታ አካሄድ ነው። ድጋፉን ከሥጋቱ መጠን ጋር አዛምድ፤ ጥፋቱን የሚያመጣውን ጉዳይ ላይ ሥራ፤ አቀራረቡ ልጁ በሚቀበልበት መንገድ ይሁን። ቀላል ይመስላል። ትንሽ ሥጋት ያለበትን ልጅ ከብዙ ጥፋተኞች ጋር ማስቀመጥ ይበልጥ እንደሚያበላሸው የሚያስረዳችሁ ግን ይኸው ነው።

እስር ቤት ወስዶ ማስፈራራት የሚባለውን ደግሞ ትሰማላችሁ። አባቶችም፣ አንዳንድ ባለሥልጣናትም ይጠቁሙታል። በአሜሪካ ለዓመታት ተሞክሯል። ጥናቶቹ ተሰብስበው ሲታዩ የተወሰዱት ልጆች ካልተወሰዱት የበለጠ ያጠፋሉ። ይህን አስታውሱ፤ በአክብሮት ለማስረዳት ያስፈልጋችኋል።

ልጆች ያላደረጉትን አደረግሁ ብለው እንደሚያምኑም አጥኑ። ትልቅ ሰው ሲቆጣ፣ ሲርባቸው፣ «እመንና ቤትህ ትሄዳለህ» ሲባሉ ያምናሉ። በአገራችን ባህል ልጅ ትልቅ ሰውን «አይደለም» ማለት ነውር ነው ተብሎ ነው የሚያድገው። ይህ ሁሉ ምርመራ ክፍል ውስጥ አብሮት ይገባል።

አሁን መመዘኛዎች። እዚህ ላይ መቆየት እፈልጋለሁ፤ ብዙ ጉዳት የሚደርሰው እዚህ ነውና። የማሰብ ችሎታ፣ የጠባይና የሥጋት መመዘኛዎች አብዛኞቹ የተሠሩት ለሌላ አገር ልጆች ነው። ተርጉሞ መስጠት አይበቃም። ከከሚሴ የመጣ ልጅ አፋን ኦሮሞ ነው ቋንቋው። ሌላው አርጎብኛ ይናገራል። አንዱ መድረሳ ሲቀራ ያደገ ደረሳ ነው፤ አንዱ የቆሎ ተማሪ ሆኖ ዳዊት በቃሉ የያዘ ነው። ሁለቱም እርሳስ ይዘው ቅርጽ ሥሩ ሲባሉ ሊቸገሩ ይችላሉ። ውጤቱን ብቻ የጻፈ ሰው «የአእምሮ ዝግመት» ብሎ የሰው ልጅ ላይ ፈረደ ማለት ነው። ቁርኣን ወይም ውዳሴ ማርያም በቃሉ የሚል ልጅ ማስታወሱ ምን ያህል እንደሆነ እየነገራችሁ ነው። ይህንንም ጻፉ። መመዘኛ ስትጠቀሙ የትኛው ቋንቋ፣ የትኛው ትርጉም፣ ለማን እንደተሠራ በሪፖርቱ ላይ ግልጽ አድርጉ።

ስድስተኛ፦ የመመረቂያ ጥናት

ርዕሱን ትንሽ አድርጉት። «በኢትዮጵያ የወጣት ጥፋተኝነት መንስኤዎች» አትበሉ። በአንድ ከተማ፣ በአንድ ዓይነት ጉዳይ፣ በአንድ ጥያቄ ተወሰኑ። ለምሳሌ በደሴ የሚሠሩ ዳኞች ከሳይኮሎጂስት ሪፖርት ምን ይፈልጋሉ? ከጠባይ ማረሚያ የተመለሱ ልጆች ትምህርት ቤት ሲገቡ ምን ይገጥማቸዋል? የወላጅ ስደት ከልጁ ጎዳና መውጣት ጋር እንዴት ይያያዛል? ሦስቱም ሥራ ላይ የሚውል መልስ አላቸው።

ልጆችን የምታናግሩ ከሆነ ፈቃዱ ረጅም ነው። ከዩኒቨርሲቲው የሥነ ምግባር ኮሚቴ፣ ከፍርድ ቤቱ ወይም ከማረሚያ ቤቱ፣ ከወላጅ ወይም ከአሳዳጊ፣ በመጨረሻም ከራሱ ከልጁ ፈቃድ ያስፈልጋል። የልጁን ፈቃድ እንደ ፎርማሊቲ አትዩት። እስር ላይ ያለ ልጅ እምቢ ብል ይጎዱኛል ብሎ ያስባል። «ብትተወው ምንም አይደርስብህም» በሉት፤ ከዚያ እምቢ ሲል እውነትም ተዉት። ስም፣ ቀበሌ፣ ጉዳዩን የሚያሳውቅ ዝርዝር ከጽሑፉ አውጡ። ወሎ ውስጥ «የእገሌ ልጅ» ለመባል ሁለት ፍንጭ ይበቃል።

ሰባተኛ፦ ሪፖርቱን መጻፍ

ጊዜውን ዕወቁ። ጥፋቱ ገና ያልተረጋገጠ ከሆነ ስለ ድርጊቱ አትጠይቁት። የነገራችሁ ነገር ማስረጃ ሊሆንበት ይችላል። ስለ ኑሮው፣ ስለ ጤናው፣ ስለ ቤተሰቡ ግን መሥራት ትችላላችሁ።

ከልጁ ጋር ስትቀመጡ መጀመሪያ እውነቱን ንገሩት። «እኔ ሳይኮሎጂስት ነኝ። የምትነግረኝን ለዳኛው እጽፈዋለሁ። መናገር የማትፈልገውን መተው ትችላለህ።» ምሥጢር እጠብቃለሁ ብላችሁ በኋላ መጻፍ ክህደት ነው።

ከዚያ ወደ ቤቱ ሂዱ። ቢሮ ጠርታችሁ ያናገራችኋት እናት እና ቤቷ ቡና አፍልታ ያናገረቻችሁ እናት አንድ አይደሉም። «እናቴ፣ ልጅዎን እንዴት ነው ያሳደጉት? እስኪ ከወለዱት ጀምረው ያጫውቱኝ» ብላችሁ ጀምሩ፤ ከዚያ ዝም ብላችሁ ስሙ። መምህሩን፣ የንስሐ አባቱን ወይም ሼኩን፣ የቅሬውን (የዕድሩን) ዳኛ ጠይቁ። ቅሬ ውስጥ ያለ ሰው ቤተሰቡ ማን እንደሚረዳውና ማን እንደተጣላው ያውቃል።

እርቁንም ጠይቁ። በወሎ የሰው ሕይወት የጠፋበት ወይም ደም የፈሰሰበት ጉዳይ ፍርድ ቤት ብቻ አያልቅም። አባጋር የሚባሉት አስታራቂዎችና ሽማግሌዎች በሁለቱ ቤተሰብ መካከል ይገባሉ። እርቁ የፍርድ ቤቱን ሥራ አይተካም፤ ባለሙያው ግን ሊያውቀው ይገባል። እርቅ ካልወረደ ልጁን ወደ ቀዬው መመለስ ለደም መላሽ መስጠት ሊሆን ይችላል። በሌላ በኩል ሽምግልናው ተጎጂ ልጅ ላይ ጫና አድርጎ ከሆነ፣ በተለይ በመደፈር ጉዳይ፣ ያንንም ሳትፈሩ ጻፉ።

ቋንቋው አጭርና ግልጽ ይሁን። «ተከሳሹ ፀረ ማኅበራዊ ስብዕና አለው» አትበሉ። ዕድሜው ከ18 በታች ላለ ልጅ ያ የሕመም ስያሜ አይሰጥም። ይልቁንስ፦ «ከስድስተኛ ክፍል ያቋረጠው አባቱ ከሞተ በኋላ ነው። ከዚያ በፊት የቅጣት ታሪክ የለውም። አክስቱ ልትቀበለው ፈቅዳለች፤ ትምህርት ቤቱም ይመልሰዋል።» ዳኛው የሚወስንበት ይህ ነው። ያያችሁትን፣ የሰማችሁትንና የገመታችሁትን ለያይታችሁ ጻፉ። ከማን እንደሰማችሁም ጻፉ።

የምታቀርቡት ሐሳብ ባለው ነገር ላይ ይመሥረት። ጠባይ ማረሚያ ተቋም በሕጉ ላይ አለ፤ ለረጅም ዘመን በዚህ ሥራ የሚታወቀው ግን አዲስ አበባ ያለው ነው። ከዋድላ ወይም ከሳይንት ለመጣ ልጅ ያ ማለት እናቱን አለማየት ነው። ስለዚህ በቅርብ የሚቻለውን ፈልጉ፦ የሚከታተለው ሰው ስም ተጠቅሶ፣ የሚማርበት ትምህርት ቤት ተስማምቶ፣ በየስንት ጊዜ እንደሚታይ ተወስኖ። «ክትትል ይደረግለት» ብቻ ብሎ መጨረስ ማንም እንዳይከታተለው ማድረግ ነው።

ስምንተኛ፦ ሥራ ማግኘትና መጀመር

የሥራ ማስታወቂያ ላይ «የታዳጊዎች ፍትሕ ሳይኮሎጂስት» የሚል መደብ አትጠብቁ። «ሶሻል ወርከር»፣ «የሕፃናት ጥበቃ ባለሙያ»፣ «የሥነ ልቦናና ማኅበራዊ ድጋፍ ባለሙያ»፣ «የተሐድሶና ልማት ባለሙያ» በሚሉት ነው የሚገኘው። ፍርድ ቤት፣ ፍትሕ ጽሕፈት ቤት፣ ፖሊስ፣ ማረሚያ ቤት፣ ሆስፒታል፣ ግብረ ሰናይ ድርጅት ሁሉንም ተመልከቱ። በማንኛውም ብትቀጠሩ አንድ ናሙና ሪፖርት፣ ስምና መለያ የሌለበት፣ አዘጋጅታችሁ የሕፃናት ጉዳይ የሚያዩ ዳኞችንና ዐቃቤ ሕግን አግኙ። ምን እንደሚጎድለው ጠይቁ። ጥሩ ሪፖርት አንዴ ያየ ዳኛ ሁለተኛ ጊዜ ራሱ ይጠይቃል።

ብቻችሁን አትሥሩ። የመጀመሪያውን ዓመት ሪፖርት ሁሉ ልምድ ያለው ባለሙያ ሳያየው አታስገቡ። ደሴ ላይ ካጣችሁ ከተማራችሁበት ዩኒቨርሲቲ አማካሪያችሁ ጋር በስልክ ቀጠሮ ያዙ። የኢትዮጵያ ሳይኮሎጂስቶች ማኅበር አባል ሁኑ። ከባድ ጉዳይ ከሰማችሁ በኋላ የምታናግሩት የሙያ ሰው ይኑራችሁ፤ ምሥጢሩ ቤት አይወራምና።

የመጨረሻው ሥራ ከውሳኔው በኋላ ነው። ፍርድ ቤቱ በወጣት ጥፋተኛ ላይ የወሰነውን የማረሚያ እርምጃ ሁኔታው ሲለወጥ ሊያሻሽለው ይችላል። ስለዚህ ሪፖርቱን ስታስገቡ ቅጂውን ያዙ፣ ልጁን መልሳችሁ የምታዩበትን ቀን በማስታወሻችሁ ላይ ጻፉ። ስትሄዱ አክስቱ አሁንም እንደያዘችው፣ ክፍል እየገባ እንደሆነ፣ ማን እንደሚያስፈራው ጠይቁ። የተበላሸ ነገር ካለ በዚያው ሳምንት አንድ ገጽ ጽፋችሁ ለዳኛው አስገቡ።